የታንኳውን አፍንጫ ማን አሰረው?

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ፤

ለአጎቴ ለአኒስ ሸረፈዲን፣ ኦማን፣ ሱር ከተማ።

አላህ ጤናህን እንደ ጣና ያስፋው፣ ደመወዝህንም እንደዚያው። ምርቃቱን ያስጻፉኝ አባትህ፣ አባባ ናቸው፤ ደመወዙን የጨመርሁት እኔ ነኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ዘሊካ ደህና ናት፤ ወንድሟ ስለሆንህ «ለምን አይደውልም?» ብላ በየቀኑ እኔን ትቆጣኛለች።

«ለምን በቴሌግራም አትጽፊም?» እንዳትለኝ። ቴሌግራም ላይ አይተህ ዝም ትላለህ። አባባም በጣታቸው ያልዳሰሱትን ደብዳቤ ደብዳቤ አይሉትም። ስለዚህ ለዕቃ ወደዚያ በሚመላለሰው በወረታው ነጋዴ በጋሽ ካሚል እጅ ልኬዋለሁ። መንገድ ላይ ከፍተው እንደሚያነቡ አገር ያውቃል። ጋሽ ካሚል፣ እንደምን ሰነበቱ?

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። አሥረኛ ክፍል ገባሁ። ግሽ አባይ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍሎችን ኢንተርኔት ላይ መረጃ መፈለግ እንዳስተምር ተመረጥሁ። ኮምፒውተሩ አራት፣ ልጆቹ ሠላሳ ስምንት። የኢንተርኔት መረቡ ደግሞ እንደ ሙሽራ ነው፤ ሲጠብቁት አይመጣም። ኃላፊያችን መምህር ፍሬ ስብሐት ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው በቀለም የታተመ ሁሉ እውነት ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ድረ ገጽ አትመው ያመጡት ወረቀት ጉማሬ እንቁላል ይጥላል ይላል። ክንዱ የሚባል ልጅ እጁን አውጥቶ «እንቁላሉን ማን አየው?» አለ። መምህሩ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ እንቁላሉ እዚያ ያለ ይመስል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳው ላይ አራት ጥያቄ ጻፍሁ። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? እንዴት አወቀ? ሌላስ ማን ይላል? ክንዱ አምስተኛ ጨመረ፦ ምን ፈልጎ ጻፈው?

ለመጥፎ ድረ ገጽ ምሳሌ ጉማሬው አለኝ። ለጥሩው ግን የለኝም። የምትሠራበት የቅርስ መንደር ድረ ገጽ አለው አሉ። አድራሻውን ላክልኝ።

የአባባ መልእክት ደግሞ ይኸው፦ «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የታንኳውን ደንገል ሌላ ሰው ያጭድልኛል፣ ገላውንም ሌላ ሰው ይጠፍርልኛል። ሽቅብ ታጥፎ የሚታሰረውን አፍንጫውን ግን እስካለሁ ድረስ የማስረው እኔ ነኝ። መጥተህ አጠገቤ ብትቀመጥ ደስ ይለኛል።» አባት እያለ ልጅ አፍንጫ እንደማያስር ታውቃለህ፣ ለምን እነግርሃለሁ። አብዱልመጂድን አስታወስኸው? ጎረቤታችን፣ ጢሙ የሸበተው። ዛሬም ታንኳውን ሠርቶ ሲጨርስ ጎትቶ ዓይነ ስውር አባቱ ፊት ያቀርባል፤ የጫማ ማሰሪያው እንደተፈታበት ሕፃን ቆሞ ይጠብቃል። ሳላስበው ሣቅሁ፤ አባባ በከዘራ ነኩኝ።

የእህትህ ልጅ፣
ኢልሃም

—

ሱር፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ፤

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለኢልሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ የሐይቁ ሽታ ከወረቀቱ የወጣ መሰለኝ። ጋሽ ካሚል በእርግጥ ከፍተውታል፤ ሰላምታሽ ደርሷቸው ተቀይመዋል።

እኔ ደህና ነኝ። ከባሕሩ ዳር ታንኳ እየሠራሁ ለእንግዶች አሳያለሁ። ከየአገሩ የመጣ ሰው ቆሞ ያያል፤ ልጆች ያጨበጭባሉ። ለአባቴ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦ «ልጅዎ ዛሬም ረዳት ነው። ከእርስዎ እጅ ያየውን ነው የሚሠራው።» እጃቸው ተንቀጠቀጠ ስላልሽኝ፣ የዓይን መድኃኒትና የጉልበት ቅባት ልኬያለሁ።

ስለ ድረ ገጹ ያልሽው አይመችም። መሥሪያ ቤቱ ለቱሪስት ያዘጋጀው ነው፤ ለሕፃናት ትምህርት የሚሆን አይደለም። አንቺ የዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ገጾችን ተጠቀሚ፤ እኔን በመፈለግ ጊዜሽን አታጥፊ። ለተማሪዎችሽ ሠላሳ ስምንት እስክሪብቶ ልኬያለሁ።

መምጣቱ ዘንድሮ የሚሳካ አይመስለኝም፤ ፈቃድ የለም። አላህ ካለ ለሚቀጥለው።

አጎትሽ፣
አኒስ

—

ባሕር ዳር፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም፤

ለተከበሩ ለአቶ አኒስ ሸረፈዲን፣ ዋና ታንኳ ሠሪ።

ጤናዎ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን። እኛ ስል ሁላችንንም ነው። አንድም ሰው አልጎደለንም፤ ቆጥሬያለሁ።

እንዳዘዙኝ አልፈለግሁዎትም፤ ወላሂ። የፈለጉት መምህር ፍሬ ስብሐት ናቸው። ሰኞ ዕለት መረቡ መጣና «ልጆች፣ ስለራሳችን ሐይቅ እንፈልግ» ብለው በእንግሊዝኛ «የጣና የደንገል ታንኳ» ብለው ጻፉ። ሁለተኛው ገጽ ሲከፈት እርስዎ ብቅ አሉ። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ከኋላዎ ሰማያዊ ባሕር፣ ከፊትዎ ታንኳ። «አጎቴ ነው!» ብዬ ጮህሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር አሉ፤ እኔ አላስታውስም።

«እንግዲህ ይህ ነው ጥሩ ድረ ገጽ» አልኋቸው። ማን ጻፈው? ስም አለው፤ ምልክት አደረግን። መቼ? ቀን አለው፤ ምልክት። እንዴት አወቀ? «ሠሪው ራሱ ነው፣ ከአባቱ ነው የተማረው» ብዬ እነሱ ሳይጠይቁ እኔ መለስሁላቸው። እሱንም ምልክት አደረግሁ። በራሴ ክፍል የራሴን ጥያቄ ዘለልሁ።

ሳዲያ የምትባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ አለችኝ። አሥር ዓመቷ ነው፤ ካልተጠየቀች በስተቀር አትናገርም። ያን ቀን ሳትጠየቅ ተናገረች።

«እትዬ፣ የዚህ ሰውዬ አባት መቼ ነው የሞቱት?»

«ኧረ አልሞቱም! የኔ አያት ናቸው እኮ።»

«ታዲያ አፍንጫውን ለምን እሱ ያስራል?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ፎቶው ላይ እርስዎ አፍንጫውን እያሰሩ ነው። ገመዱ በጥርስዎ፣ ቋጠሮው በእጅዎ፣ አጠገብዎ ማንም የለም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ ባይዋ ያላየሁትን ሕፃኗ አየች። መምህር ፍሬ ስብሐት መነጽራቸውን አስተካክለው ከሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ እየተረጎሙ አነበቡልን፦ «ዋና ሠሪው አኒስ፣ አባታቸው ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞቱ ጥበቡን የወረሱ፣ የጣና የመጨረሻው ታንኳ ሠሪ።» ክንዱ «ነፍስ ይማር» አለ። ደግ ልጅ ነው።

እኔ ለአባባ ልነግር አላሰብሁም። ደብቄው ነበር። ግን «ሌላስ ማን ይላል?» ብዬ ያስተማርሁ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሐይቁ ዳር ውኃ ልቀዳ ስወርድ አሥራ አንድ ልጆች ደብተር ይዘው አባባ ፊት ተሰልፈዋል። ሳዲያ ከፊት ናት።

«አባባ፣ ሞተዋል እንዴ?»

አባባ ገመዱን እንደያዙ መርምረው አዩዋት። «እስከ ሱብሒ ሶላት ድረስ አልሞትሁም። ከዚያ ወዲህ ያለውን እንጃ። ማን አለ?»

ምንጭ ሳትጠቅሱ እንዳትናገሩ ብዬ የገሰጽኋቸው ልጆች ናቸው። አሥራ አንዱም ባንድ ድምፅ «ልጅዎ!» አሉ።

ገጹን መምህር ፍሬ ስብሐት በቀለም አትመው ሰጥተዋቸው ነበር። አባባ ወረቀቱን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። የሞቱበትን መስመር አላስነበቡም። ፎቶውን ብቻ ነው ያዩት፤ ብዙ ቆዩ።

«ቋጠሮው ደህና ነው» አሉ።

ከዚያ የያዙትን ገመድ መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡ።

እንግዲህ አቶ አኒስ፣ ስድብ አልጽፍም፤ እናቴ እንዳልጽፍ አስምላኛለች። አምስተኛውን ጥያቄ ብቻ እጠይቅዎታለሁ። ምን ፈልገው ጻፉት?

ኢልሃም
(እስክሪብቶዎቹ ደርሰዋል። ዘጠኙ አይጽፉም።)

—

ሱር፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢልሁ፤

ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ። ያ ጽሑፍ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ እኔ የጻፍሁት አይደለም። የትርጉም ስህተት ይሆናል። እንዲያስተካክሉ እነግራቸዋለሁ።

አንቺም ትልቅ ሰው ሆነሻል፤ የቤት ጉዳይ አራተኛ ክፍል ፊት አይወጣም። ለእናትሽ ሻርፕ፣ ላንቺ ስልክ ልኬያለሁ። «እርስዎ» ማለቱን ተይው፤ አንቺን በትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግሁሽ።

አኒስ

—

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ አኒስ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በትከሻዎ መሸከምዎ እውነት ነው፤ እናቴም አባባም ይመሰክራሉ፣ ሁለት ምንጭ አለው።

ደብዳቤዎን በአምስቱ ጥያቄዎች አየሁት። ብቻዬን ነው፤ ልጆቹ አላዩትም፣ የቤት ጉዳይ ነው ብለዋል። ማን ጻፈው? «መሥሪያ ቤቱ።» መሥሪያ ቤት እጅ የለውም፤ አልተሟላም። መቼ? «ሥራ ሲበዛ።» እንዴት አወቀ? መሥሪያ ቤቱ አባትዎ መሞታቸውን ከማን ሰማ? ከኔ አልሰማም። ከጋሽ ካሚል? እሳቸው እንኳ እንዲህ ያለ ወሬ ቢያገኙ መጀመሪያ ለኛ ነበር የሚሸጡልን። ሌላስ ማን ይላል? ማንም። ምን ፈልጎ? ባዶ። ጉማሬው ከእርስዎ በሁለት ነጥብ በልጧል።

ስልኩን እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ሻርፑን ለጎረቤት ሰጠችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ልጽፍ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አባባ አንድ አፍንጫ አላሰሩም። ሠርተው የጨረሱት፣ ሰው ያሠራቸው፣ አራት ታንኳ ዳር ላይ አፍንጫቸው ተዘርግቶ ተኝቷል። አጥማጆቹ በየማለዳው መጥተው ሳል ሳል ይላሉ፤ አባባን ማን ደፍሮ «ለምን?» ይላል? አብዱልመጂድ ነው በመጨረሻ የደፈረ።

«ሸኽ ሸረፈዲን፣ ታንኳዎቹ ደረቁ እኮ።»

«የሞተ ሰው አያስርም» አሉት። «አሳሪውን ባሕር ማዶ ሄዳችሁ አምጡ።»

ሣቀ፤ ቀልድ መስሎት። እሳቸው አልሣቁም። ከእናቴ ጋር ሆነን ለምነናቸዋል። ምግብ ይበላሉ፣ ይሰግዳሉ፣ እጃቸው ግን ገመድ አይነካም። ያቺ ወረቀት ከመስገጃው ሥር ናት።

አባትዎ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ከፈለጉ እውነቱን ይላኩ። ስልክ አይላኩ።

ኢልሃም

—

ሱር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ኢልሃም፣ ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ለአባቴ እንዳታነቢው። ጋሽ ካሚልም እንዳይከፍቱት በሰም አሽጌዋለሁ።

የዚያ ጽሑፍ ምንጭ እኔ ነኝ።

እዚህ ስመጣ ሁለት ዓይነት ሥራ ነበር። ረዳቱ ገለባ ይጠርጋል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንግዳ ሲመጣ ከዳስ ኋላ ይቆማል። ዋናው ፊት ተቀምጦ ይሠራል። «ዋና ነህ ወይ?» አሉኝ። «አዎ» ብል ማን ያውቅብኛል? በዚህ አገር ሁሉ ስለ ታንኳ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣም። አባቴ በሕይወት እያሉ እኔ ዋና? ሦስት ቀን ገለባ ጠረግሁ። በአራተኛው ቀን አንድ ታንኳ ሠርተህ አሳየን ብለውኝ ገላውን ስጨርስ አስተዳዳሪው «እንግዲህ ለምን አፍንጫውን ሳታስር ትተወዋለህ?» አለኝ። ደንቡን ነገርሁት። «አባትህ አሉ?» አለኝ።

«የሉም» አልሁት።

ታያለሽ? ደንቡን ላለማፍረስ ነው። ዋና ሳልሆን ዋና ነኝ ከምል ያ ቀለለኝ። ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያለው ይቀለዋል ብለሽ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔም ስድስት ዓመት ጠይቄያለሁ።

ቅጣቱ እዚሁ አለ። በየዓመቱ በአባቴ ስም ቴምርና ውኃ ለእንግዶች ያድላሉ። አስተዳዳሪው ቆሞ «አላህ ይዘንላቸው» ይላል። «አሜን» እላለሁ፤ ምሕረት ለሕያውም ይሆናል እያልሁ ራሴን አባብላለሁ። ፈቃድ የለም ያልሁሽ ውሸት ነው። ልሄድ ብል «ማንን ልትጠይቅ?» ይሉኛል።

በዚህ ሳምንት ገጹን አስተካክላለሁ። አባቴ አሉ ብዬ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ገለባም ከሆነ ልጥረግ። ቃሌ ነው። ለአባቴ ግን ስህተት ነበር፣ ተስተካከለ በያቸው። በትከሻዬ ስለተሸከምሁሽ።

አኒስ

—

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ አኒስ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰሙ ተሰብሮ ነው የደረሰን። ጋሽ ካሚል «ሙቀት ነው» ብለዋል። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ እሱም ሙቀት ይሆናል።

ደብዳቤውን ለአባባ አነበብሁላቸው። ሙሉውን፣ «እንዳታነቢው» የሚለውንም ጭምር። እንድዋሽልዎት ነበር የጠየቁኝ፤ እኔ ደግሞ ውሸት የሚለዩ ሠላሳ ስምንት ልጆች አሉብኝ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ደንቡን ላለማፍረስ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«እሱን ማን ነው ‹አባት ካልሞተ ልጅ አያስርም› ያለው?»

«ሁሉም ሰው ነዋ፣ አባባ።»

«ሁሉም ሰው ማን ነው? ለኔ አባቴ በቁማቸው ነው የሰጡኝ። ሄጄ ‹ይስጡኝ› አልኋቸው። እጄን በእጃቸው ይዘው አንዱን አፍንጫ አብረን አሰርን፤ ‹ከዛሬ ጀምሮ አንተ› አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል። እየተቀመጡ ስህተቴን ይቆጥሩ ነበር።» ቀጥለውም «ሳይጠየቅ አይሰጥም እንጂ ሲጠየቅ አይከለከልም። ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር» አሉ።

ያቺን ታክል ነገር ነበረች፣ አቶ አኒስ። ሦስተኛው ጥያቄ። እንዴት አወቁ? ባለቤቱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ሃያ አራት ዓመት አብረው ሲሠሩ አንድ ቀን አልጠየቋቸውም፤ ከመጠየቅ መግደል ቀለለዎት።

አብዱልመጂድ አጥር ሥር ሆኖ ሲሰማ ነበር። ሮጦ ሄደ። ዓይነ ስውሩ አባቱ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነበር፣ አንተ ደንቆሮ፤ ጣቴ አለቀ» አሉት አሉ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱ ያስራል። ሠፈሩን እየዞረ ያሳያል፤ ጢሙን ሳይቀር ተላጭቷል።

አባባ በማግስቱ ተነሡ። አራቱንም አፍንጫ በተንቀጠቀጠ እጃቸው አሰሩ። ሳዲያ ገመዱን ወጥራ ያዘችላቸው፤ ሳትጠየቅ። አጥማጆቹ ታንኳቸውን ወስደዋል። አባባም አምስተኛ ታንኳ ጀምረዋል። ገላው አልቋል፣ አፍንጫው እንደተዘረጋ ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ ብለውኛል፦

«ይህኛው የአኒስ ነው። መጥቶ ‹ይስጡኝ› ይበል። እጁን በደብዳቤ መያዝ አልችልም።»

የእሳቸው መልእክት ይኼው ነው። እሳቸው ይቅር ብለው ይሆናል፤ አልጠየቅኋቸውም። እኔ ግን አላልሁም፤ ሳልጠየቅ የምሰጠው ነገር የለኝም። ደንገሉ ክረምቱን ዳር ላይ ተኝቶ አያልፍም፤ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ቀረው።

በዚህ ሳምንት አስተካክላለሁ ካሉ አራት ሳምንት ሆነ። ዛሬ የዓመቱ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜያችን ነበር። ልጆቹ «የሰውዬውን ገጽ እንየው» አሉ። መረቡ ዛሬን መርጦ መጣ። ሠላሳ ስምንቱም ልጆች፣ እኔም፣ መምህር ፍሬ ስብሐትም፣ አራት ኮምፒውተር ላይ ተደራርበን አየን። ቀኑን ፈለግን፣ ጽሑፉን በመስመር በመስመር ፈለግን።

አባባ አሁንም ሞተዋል።

ሰላም ብለውዎታል።

ኢልሃም